ጋይድ እና የእጅ ልምድ



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ስለ አንዲት ትንሽ ብሎን ብቻ ላውራ። ጥርስ ስናስተካክል ለመጎተቻ ድጋፍ እንድትሆነን መንጋጋ አጥንት ውስጥ የምናስገባት ሚኒስክሪው ውፍረቷ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርስ ሥሮች መካከል ያለው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ትንሽ ካዘነበልን ሥር እንነካለን።

ዛሬ መንገዱ በኮምፒውተር ይነደፍና የስሪዲ ማተሚያ ጋይዱን ያወጣልናል። ይሄ ጀማሪውን ለነባሩ ሐኪም በጣም ያቀርበዋል፤ እኩል ያደርገዋል ማለት ግን አይደለም። በምስሉ፣ በኅትመቱ፣ በጋይዱ አገጣጠም ላይ ያሉ ጥቃቅን ስህተቶች ይደማመራሉ። ብሎኗ ድንገት ስትከብድ ማቆም እንዳለብን የሚነግረን ጣታችን ነው። ጣት ደግሞ የሚለምደው በመሥራት ነው።

ጅማ ማኅበረሰቡ ዘንድ ወርደን፣ እየሠራን እንድንማር ነው ያሳደገችን። ስለዚህ ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ክፍላችን መሣሪያ ለመለገስ ስናስብ፣ ጊዜያችንንም አብረን እንለግስ። በዓመት ጥቂት ቀን መጥተን ከጀማሪዎቹ ጎን እንቁም። ማተሚያ ይገዛል፤ ልምድ ግን አጠገባችን ቆሞ ለሚያይ ነው የሚተርፈው።