የ194,313 ባሕርይ



የደብረ ብርሃን ቈርቋሪ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት በ1426 ዓመተ ምሕረት፣ በባሕረ ሐሳብ ሲሰላ፣ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 2 ቀን ነው። በ1958 ዓመተ ምሕረትም ፋሲካ ሚያዝያ 2 ቀን ዋለ። የሁለቱ ዓመታት አጽዋማትና በዓላት፣ ዕለታቸውም ሳይቀር፣ አንድ ናቸው። በመካከላቸው 532 ዓመት፣ በቀን ሲቈጠር 194,313 ቀን አለ። የዛሬው ንግግር የሚመረምረው የዚህን ቁጥር ባሕርይ ነው።

ሊቃውንት 19 ዓመቱን ዐውደ አበቅቴ፣ 28 ዓመቱን ዐውደ ፀሐይ፣ 76 ዓመቱን ዐውደ ማኅተም፣ 532 ዓመቱን ዐውደ ቀመር ይሉታል። አራት ዓመት ከነሠግሩ 1,461 ቀን ነው። 19 ዓመት ግን ለአራት ስለማይካፈል ቀኑ ሙሉ አይሆንም፤ 6,939 ከሦስት ሩብ ይወጣል። ስለዚህ በአራት ተባዝቶ 76 ዓመት፣ ማለትም 27,759 ቀን ይሆናል። ይህም ለሰባት ሲካፈል አራት ይተርፋል። እንግዲህ በየ76 ዓመቱ ዕለቱ በአራት ይሸሻል። አራትና ሰባት ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ዕለቱ ወደ ቦታው የሚመለሰው ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ብቻ ነው፤ ሰባት ጊዜ 76 እነሆ 532 ነው። ቁጥሩ ሲተነተንም 194,313 የ3፣ የ7፣ የ19 እና የ487 ብዜት ሆኖ ይገኛል። ሰባቱ ሳምንትን፣ ዐሥራ ዘጠኙ አበቅቴን፣ የ3 እና የ487 ብዜት የሆነው 1,461 ደግሞ ሠግርን ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ ማስረጃው በራሱ በቁጥሩ ውስጥ ስለሆነ ዘመን አይሽረውም። የጨረቃ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። 235 የጨረቃ ወራት በሥነ ፈለክ ልኬት 6,939.69 ቀን ያህል ናቸው፤ ከ19 ዓመቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳሉ። ልዩነቱ በአንድ ዐውደ ቀመር ወደ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ይደርሳል። ስለዚህ ስሌቱ ዙሩን ሲዘጋ የሰማይዋ ጨረቃ ቀድማ ትገኛለች።

ይህን መናገር የሊቃውንቱን ክብር አይቀንስም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር አድባራት የዓመቱ በዓላት የሚታወቁት እስከ ዛሬ በዚሁ ስሌት ነው፤ ሥርዓቱም ለተሠራለት ዓላማ፣ ይኸውም ሕዝብን በአንድ ቀን ለማሰባሰብ፣ ምሉዕ ነው። ስሕተት የሚሆነው መምህር በቁጥር የተረጋገጠውንና በመለካት ብቻ የሚታወቀውን ሳይለይ ሲያስተምር ነው። 194,313 ለሰባት መካፈሉን ተማሪ በብራናም በጥቍር ሰሌዳም ያረጋግጣል። ጨረቃ ስሌቱን መጠበቋን ግን ማወቅ የሚችለው ወደ ውጭ ወጥቶ ቀና ብሎ ሲመለከት ነው። ሁለቱንም የለመደ ተማሪ የአባቶቹን ሒሳብ ያከብራል፤ ሰማዩንም መመርመር አይተውም።