የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ትምህርትና የሆሞሻ መምህር



እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር መሻገር ግድ የነበረበት ዘመን ማለፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አሶሳ ድረስ ደረሰ። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከሆሞሻ ወጥቶ ኤሌክትሮዳይናሚክስንና ኳንተም ሜካኒክስን የተማረ መምህር ለክፍሉ ምን ይዞ ይመለሳል?

ኮርሱን ወደ ጥናታዊ ጽሑፍ መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ የቆጠረ ተማሪ፣ የሸመደደው ቀመር ከፈተናው ጋር ይቀራል። በዚያው ክልል፣ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 980,000 ጁል ያህል ኢነርጂ ይሰጣል፤ ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያሰላዋል። ኢነርጂው በጄኔሬተር ውስጥ እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ፣ ከፊሉም ስለ ምን በሙቀት እንደሚባክን አጥርቶ ማስረዳት ግን የማክስዌልን እኩልታዎች ከልብ የተረዳ መምህር ይሻል።

ስለዚህ ከኮርሱ ጎን ለቤተ ሙከራና ለማስተማር ልምምድ በቂ ሰዓት ሊመደብ ይገባል። ያለዚያ ከሆሞሻ እስከ አዲስ አበባ የተደከመበት ጉዞ ለተማሪዎች ሳይሆን ለወረቀት የተደረገ ይሆናል።