የተበታተኑ ካሬዎችን ስለ ማጋጠም
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ ኪሮሽ ሥራ ነው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ስለ ኪሮሽ ምን ያውቃል የሚል አይጠፋም። መሳቅ ይቻላል፤ ግን እየሳቃችሁም ቢሆን አድምጡኝ።

ጉዳዬ አግዳሚ ወንበሮቻችን ናቸው። ሐዘን በደረሰ ቁጥር አረጋውያን ድንኳን ውስጥ በባዶ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ወገባቸውን እያመማቸው ለቅሶ መድረስ የተዉ አሉ። ሰው ለቅሶ ከቀረ ታዲያ ዕድር ምኑን ዕድር ሆነ? ፍራሽ እንግዛ ብንል ገንዘቡ ለቀብር የተቀመጠ ነው። በየቤታችን ግን የተረፈ ክር አለ።

ለዚህ የሚስማማው ፈረንጆች «የአያት ካሬ» የሚሉት ሥራ ነው። ንድፉ በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፕሪየሪ ፋርመር በተባለ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ታትሞ ነበር። ጥቅሙ ትንሽ ትንሽ እየተሠራ መጨረሻ ላይ መጋጠሙ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ሰንሰለት ሠርቶ ጫፉን ከመነሻው ጋር በማያያዝ ቀለበት ማድረግ። ከዚያ ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ቋሚ፣ ሦስት ሰንሰለት፤ እንዲህ እያሉ አራት ጊዜ መዞር። ቋሚ የምለው ክሩን በኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥሞ፣ ሁለት ሁለት እየሳቡ የሚወጣውን ረጅሙን ጥልፍ ነው። ሰንሰለቶቹ አራቱ ማዕዘን ይሆናሉ። በሁለተኛው ዙር በየማዕዘኑ ሦስት ቋሚ፣ ሦስት ሰንሰለት፣ እንደገና ሦስት ቋሚ። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ማዕዘኑ እንደዚያው ሆኖ፣ በጎን ባለው ክፍተት ሁሉ ሦስት ሦስት ቋሚ ይገባል።

እንደ ጸሐፊ የምወደው ሒሳቡን ነው፤ 12፣ 24፣ 36፣ 48። በየዙሩ 12 ቋሚ ይጨምራል። ቆጥራችሁ ካልሞላ አንዱ ተዘሏል ማለት ነው፤ ሳይርቅ ፈትቶ ማረም ነው።

የብዙ ሰው እጅ ሲገባበት ደግሞ ልክ ያስፈልጋል። አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። ስለዚህ የክሩ ውፍረት አንድ ይሁን፣ እያንዳንዱ ካሬ በማስመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ይምጣ። ካነሰ ወፈር ባለ ኪሮሽ፣ ከበለጠ ቀጠን ባለ መሥራት ነው። ሱፍና ጥጥ አትቀላቅሉ፤ በእጥበት አንዱ ሲሰበሰብ ሌላውን ይጎትታል። የክሩን ጫፍ አስረዝማችሁ በጥልፉ ውስጥ ሸሽጉት እንጂ ከቋጠሮው ሥር አትቁረጡት፤ ይተረተራል።

መጋጠሙን የተማርኩት ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። 27 ካሬ በዘንቢል ትታ ነበር፤ ያማሩ፣ ያለቁ፣ ግን ያልተጋጠሙ። አልጋ ላይ አይዘረጉ፣ ሰው አያሞቁ። መጣል አልቻልኩም። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት፣ «ኧረ አንተ፣ ይሄማ ቀላል ነው» ብለው አስተማሩኝ። ካሬዎቹን ጎን ለጎን ማስተኛት፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ጥልፍ ለጥልፍ እያገናኙ በወፍራም መርፌ የውጭውን ክር ብቻ ይዞ መስፋት። መጀመሪያ ረድፍ ረድፉን፣ ቀጥሎ ረድፎቹን እርስ በርስ። ክሩን ማጥበቅ አይገባም፤ ይኮማተራል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። 1 ሜትር ከ60 የሚረዝም፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አግዳሚ 64 ካሬ ይወስዳል። 32 ቤት ሁለት ሁለት ካሬ ቢያመጣ አንድ አግዳሚ ለበሰ ማለት ነው። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፎ መስፋት ነው። ኪሮሽ የሚያውቁ እናቶች ልጆችን፣ ወንዶችንም ጭምር፣ ያስተምሩ። በየቁም ሣጥኑ ሳይጋጠም የቀረ ካለም ልኩ ከገጠመ ይምጣ። የሟች እጅ ሥራ ለሐዘንተኛ መቀመጫ ቢሆን ክብር ነው።

የማን ቤት ስንት እንዳመጣ መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፤ እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ። ፈጣሪ ዕድራችንን ይጠብቅልን።