ለጩቤው ዋስ አለው፣ ለካዝናው የለውም

(ገርጂ አካባቢ ለነዋሪዎችና ለድርጅት ሠራተኞች አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ ልጀምር። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ወንጀሎች ነው። አንደኛው ሰው ለመግደል መሞከር፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤትን ገንዘብ መብላት። ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። የሚገቡት በአንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ነው። ከዚያ በር ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ስትሰሙ ግን ትገረማላችሁ።

እስቲ በሐሳባችን ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ተያዙ እንበል። አንዱ፣ የፈታችውን ሚስቱን እዚሁ ገርጂ ኪራይ ቤቷ ድረስ ሄዶ በጩቤ ወጋት። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ደረሰላትና ተረፈች። ሌላዋ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የአንድ ባንክ ገንዘብ ያዥ ናት። ኦዲተር መጣ፣ ካዝና ተቆጠረ፣ ብዙ ብር ጎደለ። ሁለቱም ጠበቃ ያዙ፣ ሁለቱም ዋስ ጠየቁ።

የሰውየው ጉዳይ የሚታየው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለከልበትን ሲናገር ሁለት ነገር ያነሳል፤ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑን፣ ደግሞም ተጎጂው ሊሞት የሚችል መሆኑን። በተለመደው አተረጓጎም ሁለቱ አብረው መገኘት አለባቸው። እንግዲህ ሴትየዋ ሐኪም ቤት ተኝታ «ከሞት አምልጣለች» ከተባለ የሰውየው የዋስትና በር አልተዘጋም ማለት ነው። ዳኛው በሌላ ምክንያት ሊከለክሉት ይችላሉ፤ ይጠፋል ወይም ምስክር ያባብላል ብለው። ካልከለከሉት ግን ቁስሏ ሳይደርቅ እሱ ሰፈር ውስጥ ቡና ይጠጣል።

የገንዘብ ያዧስ? የተከሰሰችበት የሙስና አንቀጽ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ በአዋጅ 434/1997 መሠረት ዋስ የሚባል ነገር የላትም። ዳኛው ቢያዝኑላት እንኳ ሥልጣኑ የላቸውም። ሕፃን ልጅ ቢኖራት፣ ቤቷ እዚሁ ቢሆን፣ ፓስፖርቷን ብታስረክብ ለውጥ የለውም።

ይህ ሕግ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። በ1993 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቆ አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተይዘው ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱን የያዙት ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ በኋላ የምርጫ ቦርድን የመሩት። ሕጉን ተመለከቱ፣ በዋስ ይፈቱ አሉ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ብዙ ሳይቆይ ፓርላማው አዋጅ 239/1993 ብሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም አለ። የፀረ ሙስናው አዋጅ ራሱ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ማሻሻያ አስፈለገው! አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ወጡ። እሳቸውን ወደድን ጠላን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔም በበኩሌ በሥልጣን ዘመናቸው ደጋፊያቸው አልነበርኩም። ነገር ግን ለአንድ ባለሥልጣን ተብሎ የተቆለፈው በር፣ ቁልፉ ከአራት ዓመት በኋላ ትንሽ ላላ ቢልም፣ ዛሬም የሚዘጋው በገንዘብ ያዥና በሒሳብ ሹም ላይ ነው።

ቀጥሎ ሐሳብ የሚባለውን ልንገራችሁ። ነገሩ ከበድ ይላል፤ ታገሱኝ።

ሰውየው ሴትየዋን ሊገድል አስቦ እንደነበር ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። ካላስረዳ ክሱ «የግድያ ሙከራ» መሆኑ ይቀርና «ከባድ የአካል ጉዳት» ይሆናል። የስም ለውጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሙከራ የሚያስቀጣው፣ ተሞክሮ የነበረው ወንጀል በሚያስቀጣው ልክ ነው። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ ከባዱ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ዳኛው ሁኔታውን አይተው ሊቀንሱ ይችላሉ እንጂ ግዴታ የለባቸውም። ከባድ የአካል ጉዳት ግን ከላይ 15 ዓመት ነው፤ ከታች ደግሞ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ድረስ ይወርዳል። አንድ ዓመት! ያው ጩቤ፣ ያው አንገት።

ሙከራ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይህ የእኛ ሰፈር ከማንም በላይ ያውቃል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው፣ ከኤርፖርት እንደወጡ ቦሌ መንገድ ላይ ጥይት ዘነበባቸው። መኪናቸው ጥይት የማይበሳው ነበርና ዞረው ተመለሱ፤ በዚያው ቀን ካይሮ ገቡ። የእኛ ፖሊሶች ግን ሞቱ። የተያዙት ሦስት ግብፃውያን መስከረም 1989 ሞት ተፈረደባቸው። ያን ጊዜ የሞተ ስለነበረ ፍርዱ የሙከራ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም የታሰበው ሰው ከተረፈ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ሰው ካለ ያንን ቀን ያስታውስ።

ወደ ገንዘብ ያዧ እንመለስ። እሷ ላይ ሐሳብን የሚያስረዳ ዐቃቤ ሕግ አያስፈልግም። በሙስና ሕጉ፣ በመጀመሪያ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ኋላም በአዋጅ 881/2007፣ ድርጊቱ ከተረጋገጠ ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት አስባ እንዳደረገችው ይገመታል። አላሰብኩም ካለች ራሷ ታስረዳ! አንገት ለወጋው ሰው ሐሳቡ ተመርምሮ ይፈለግለታል፤ ገንዘብ ጎደለባት ለተባለችው ግን ሐሳቧ አስቀድሞ ታውቋል።

በዚህ ላይ ደግሞ የምታገለግለው መሥሪያ ቤት ዓይነት ዕጣዋን ይለውጠዋል። በባለአክሲዮኖች ገንዘብ የቆመ ባንክ «ሕዝባዊ ድርጅት» ስለሚባል ጉዳዩ ሙስና ነው። አንድ ነጋዴ ከወንድሙ ጋር ያቋቋመው ሱቅ ቢሆን ግን እምነት ማጉደል ይባል ነበር፤ የዋስትናውም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ዕድር ከዚህ አዋጅ ወጥቷል፤ ጥሩ፣ የዕድር ዳኞቻችን ደስ ይበላቸው። የሃይማኖት ድርጅትም ወጥቷል። ሌላ ማን እንደወጣ ታውቃላችሁ? የፖለቲካ ድርጅት! ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የራሳቸውን ገንዘብ ያዥ አልረሱትም። (ሳቅ)

እንዳትሳሳቱ፤ ሌባ አይቀጣ እያልኩ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር የሰው ገንዘብ የበላ ይቀጣ። አቶ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጥቅምት 1989 ከሥልጣን ወረዱ፣ መጋቢት 1992 ላይ 18 ዓመት ተፈረደባቸው፣ ታኅሣሥ 2001 ወጡ። ቁጥሩን ደምሩት፤ 12 ዓመት ነው። በአመክሮ ሕጋችን ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሊፈታ ይችላል፤ የ18 ሁለት ሦስተኛ ስንት እንደሆነ ልጆቻችሁ ይነግሯችኋል። ከቅጣት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ገና ሳይፈረድ ከሚቀጣው ጋር ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2006 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል። አንዱ ችሎት 4 ዓመት ያለውን ሌላው 12 እንዳይል ወንጀሉን በደረጃ የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ አለው። ጥፋተኛው ቀድሞ መልካም ጠባይ ከነበረው፣ ከተጸጸተ፣ ያጎደለውን ከካሰ ይቀነስለታል። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም ደንበኞቼን ተጠቅሜበታለሁ። ሰንጠረዡ ግን የሚጀምረው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው። ክሱ ምን ተብሎ ይጻፍ፣ ዋስ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ሰንጠረዥ የለውም፤ ትልቁ ልዩነት ግን የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ስለዚህ ነገ ለሚጠቅማችሁ ልጨርስ። ሰው የተጎዳባችሁ እንደሆነ፣ ለፖሊስ በምትሰጡት የመጀመሪያ ቃል «ወጋት» ብላችሁ አታብቁ። ስንት ጊዜ ወጋት? የት? ማን ሲደርስ ነው ያቆመው? ከዚያ በፊት «እገድልሻለሁ» ብሎ ነበር ወይ? በስልክ ከላከው መልእክቱን አታጥፉ። የሐኪም ማስረጃው የቁስሉን ቦታና ጥልቀት ይጻፍ፤ «ጉዳት ደርሶባታል» ብቻ ከተባለ ጠይቃችሁ አስጽፉ። ግድያ ሙከራና አካል ጉዳት የሚለዩት በእነዚህ መስመሮች ነው።

ገንዘብ የምትይዙ ልጆቼ ደግሞ፣ አለቃችሁ «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ነገ ትተካዋለሽ» ብሎ ያለ ሰነድ ሲያስወጣችሁ እምቢ በሉ። እምቢ ማለት ካልቻላችሁ በዚያው ቀን በጽሑፍ ለሌላ ኃላፊ አሳውቁና ግልባጩን ቤታችሁ አስቀምጡ። ካዝና ስትረከቡም ስታስረክቡም ሳይቆጠር አትፈርሙ። ፈተናው ሲመጣ አለቃችሁ አይገኝም፤ የሚገኘው ፊርማችሁ ነው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከኋላ ያሉት እናት እጃቸውን ቀድመው አንስተዋል፤ ከእሳቸው እንጀምር።