«ያቃጥለኛል» ለሚል ሰው የምንሰጠው መልስ
በመድኀኒት ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የመድኀኒት ቤት ባንኮኒ ብዙ ምስጢር የሚሰማበት ስፍራ ነው። ሰውየው በመጀመሪያ የራስ ምታት ክኒን ይጠይቃል፤ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮንዶም ስጠቀም ያቃጥለኛል» ይላል። እኔ በጀማሪነቴ ዘመን እንዲህ ላለኝ ሰው ቫዝሊን ሰጥቼ ሸኝቻለሁ። ያን ሰው ዳግመኛ አላየሁትም፤ እስከ ዛሬም ከሐሳቤ አልወጣም።

ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ ከድርቀትና ከመፋተግ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሰዉ በቤቱ የሚገኘውን ቫዝሊን፣ ዘይት ወይም ቅቤ መቀባቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ኮንዶም የሚሠራበት ላቴክስ የተባለው ጎማ ከቅባት ጋር አይስማማም። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ላቴክስ ኮንዶም ለማዕድን ዘይት 60 ሰከንድ ያህል ብቻ ቢጋለጥ ጥንካሬው 90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጉዳቱም ሁልጊዜ ለዓይን አይታይም። እኛው ራሳችን ለብልት ፈንገስ የምናድላቸው አንዳንድ መድኀኒቶች፣ ለምሳሌ በቅባት የተዘጋጀ ሚኮናዞል፣ ያንኑ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ይህንንም ለታካሚው ስንነግር እምብዛም አልሰማም። የሚስማማው ማለስለሻ በውሃ ወይም በሲሊኮን የተዘጋጀው ነው።

ማለስለሻ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኖኖክሲኖል-9 የተባለው ዘር ገዳይ ኬሚካል ከኤች አይ ቪ ይከላከላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ የተካሄደው ሙከራ ውጤት በ2000 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ፣ አዘውትረው የተጠቀሙበት ሴቶች ይበልጥ ተጠቅተው ተገኙ፤ ኬሚካሉ የብልትን ስስ ሽፋን ያቆስላልና።

ማለስለሻ ለውጦም ማሳከኩ ካልተወው፣ የጎማ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካው ያሳክከው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከፖሊዩሬታን የተሠራ ኮንዶም ይሻለዋል። ከበግ አንጀት የሚሠራው ግን ቫይረስ ስለሚያሳልፍ አይመከርም። ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቢኖር ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም በሽንት ጊዜ ማቃጠል ካለም ጥፋቱን ሁሉ በኮንዶሙ ላይ አናሳብብ። ከነጓደኛው ይመርመር።

ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ደግሞ ጆሮ የማይደርስበት ጥግ ያስፈልጋል። በየመድኀኒት ቤታችን ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ወንበርና አንድ መጋረጃ እንዲኖር ማኅበሩን እጠይቃለሁ።