የካንሰር ሕዋስ ለመድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ በኢንፍራሬድ ጨረር ሲመረመር



አንድ የካንሰር ሕመምተኛ ኬሞቴራፒ ከጀመረ በኋላ መድኃኒቱ ዕጢውን ማሳነሱ የሚታወቀው፣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ በሚነሣ ምስል ነው። መድኃኒቱ የማይሠራ ከሆነ ሕመምተኛው በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያተርፈው ጉዳቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን፣ ሕዋሱ መድኃኒት ባገኘው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚያሳየውን ለውጥ አስቀድሞ ለማወቅ ይቻላል ወይ? የሚል ይሆናል።

ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 ከቀዩ ብርሃን ማዶ የሚገኘውን የማይታይ ጨረር በቴርሞሜትር ደረሰበት። ይህ ኢንፍራሬድ የተባለው ጨረር በሞለኪውል ላይ ሲያርፍ፣ አተሞችን ያያያዙት ቦንዶች እያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን ሞገድ መርጠው በመዋጥ ይርገበገባሉ። በዚህም የተነሣ ሕዋሱ ቀለም ሳይነካው ኬሚካዊ ይዘቱ በግራፍ ላይ ይሰፍራል። የሞገዱ ቁጥር በአንድ ሴንቲሜትር ሲቆጠር፣ በ2850 እና በ2920 አካባቢ የቅባት፣ በ1650 እና በ1550 የፕሮቲን፣ በ1240 እና በ1080 ደግሞ በተለይ የኑክሊክ አሲድ ፎስፌት ምልክት ይታያል።

ሲስፕላቲንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ባርኔት ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ የፕላቲነም ውሁዶች የባክቴሪያን መከፋፈል እንደሚገቱ እ.ኤ.አ. በ1965 አስታወቁ፤ መድኃኒቱም በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ሲስፕላቲን ከዲ.ኤን.ኤ. ጉዋኒን ጋር ይጣበቃል። ጉዳቱን ለመጠገን የተሳነው ሕዋስ ወደ ሞት ሲያመራ፣ ብዙ ጊዜ የቅባቱ ምልክት ከፕሮቲኑ አንጻር ከፍ ይላል፤ የፎስፌቱም ቅርጽ ይለወጣል። መድኃኒቱን የተላመደ ሕዋስ ግን በዚያው መጠን የሚያሳየው ለውጥ አነስተኛ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ግራፍ ሁሉ እውነት አይናገርም። ውሃ በ1640 አካባቢ ጨረሩን አብዝቶ ስለሚውጥ የፕሮቲኑን ምልክት ይሸፍነዋል። ከዚህም በላይ የሕዋስ ስፋት ከጨረሩ ሞገድ ርዝመት ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ ጨረሩ ይበተናል። እየሞተ ያለ ሕዋስ ሲኮማተርና ሲከብ ብተናውም አብሮ ይለወጣል፤ የፕሮቲኑም ምልክት ከቦታው ሸርተት ይላል። ይህን ያላረመ ተመራማሪ የቅርጽን ለውጥ የኬሚስትሪ ለውጥ አድርጎ ሊዘግብ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ያልነካው መቆጣጠሪያ ናሙና፣ የብተና እርማት፣ እንዲሁም የሕዋስ ሞትን በሌላ ዘዴ ማረጋገጥ ግዴታ ናቸው።

ክቡራትና ክቡራን፤ በሳህን ላይ ያደገ ሕዋስ ሕመምተኛ አይደለም፤ ይህም መሣሪያ የፓቶሎጂ ሐኪሙን የሚተካ ሳይሆን ምስክር የሚጨምርለት ነው። ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ለኬሚስት እንግዳ አይደለም፤ የሕመምተኛውን ሁኔታ የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ ያለ ጥቅም በመርዝ የሚያልፉት ሳምንታት ያጥሩ ይሆናል።