«ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ»



የዛሬው የምረቃ በዓል ጥሪ ሲደርሰኝ ከተመራቂዎቹ ጎን ለጎን የሚመሰገኑ ፕሮፌሰሮች እንዳሉ ተነገረኝ። ምስጋናው ስለ ምርምራቸው ቢሆን ኖሮ ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ አይጠፋም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን የሚመሰገኑት በስብሰባ ነው። በትምህርት ክፍል ጉባኤ፣ በአካዳሚክ ኮሚሽን፣ በሴኔትና በሥሩ ባሉት ኮሚቴዎች ዓመታት ተቀምጠው ስለሠሩት ሥራ። ስብሰባ በአገራችን እንዴት እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ገና ስሙን ስጠራ አንዳንድ ወላጆች ሰዓታቸውን አይተዋል።

ዕድሜዬን በዳኝነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከመናገሬ በፊት መዝገብ ማየት ልማዴ ነው። የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችን እንዳይ ጠይቄ፣ የተማሪዎቹ ስም ተሸፍኖ ተሰጠኝ። ከእነዚያ መካከል አንዱ የውጤት ቅሬታ ነው። ተማሪው «ኤፍ» ያገኛል፤ አይገባኝም ብሎ ያመለክታል፤ መምህሩም እርማቴ ትክክል ነው ብሎ መልስ ይጽፋል። ነገሩ እዚያ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ጉባኤው ግን የፈተና ወረቀቱ የመጀመሪያውን ውጤት ለማያውቁ ሁለት መምህራን ተሰጥቶ ለየብቻ እንዲታረም ወሰነ። ሁለቱም ያገኙት አንድ ነው። ተማሪው የአራተኛውን ጥያቄ መልስ የጻፈው በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ነበር፤ እዚያ ገጽ ላይ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የሚባል የለም። ውጤቱ ተስተካከለ። ጉዳዩ በቃለ ጉባኤው ላይ የያዘው ከስድስት መስመር አይበልጥም። በሥሩ ካሉት ፊርማዎች አንዱ የዚያው መምህር ነው። ስንት ዓመት ችሎት ተቀምጬ፣ ስህተቱን በገዛ ፊርማው የሚያምን ሰው ብዙ አላየሁም።

ተመራቂዎች፣ ስማችሁ ዛሬ በድምፅ ማጉያ ከመጠራቱ በፊት በየደረጃው ባሉ ጉባኤዎች ፊት ቀርቧል። የትምህርት ክፍላችሁ አይቶታል፣ ሬጅስትራር አመሳክሮታል፣ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ተወያይቶበታል፣ ሴኔቱ አጽድቆታል። በእጃችሁ የያዛችሁት ዲግሪ እነዚህ ሁሉ የመከሩበት ውሳኔ ነው። አሠሪ የሚያምነውም ከጀርባው ይህ ሁሉ ዓይን ስላለ ነው።

የመምህራን ጉባኤ ከውጤትና ከፈተና ያለፈ ሥራ ሠርቶ ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲ ካውንስል የሚባል ጉባኤ ነበረው። ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል አለበት የሚለውን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቶቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው አገለገሉ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ትዝታ ያለው ሽማግሌ ዛሬም በየቤቱ አለ። የዚያን ዘመን የገጠር ልጅ «የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መጣልን» ሲል፣ ያን አስተማሪ የላከለት አዲስ አበባ ላይ ጠረጴዛ ከበው የተከራከሩ መምህራን መሆናቸውን ማን ይነግረዋል?

እንዲህ ያለው የመምህራን ጉባኤ ሲታለፍ የሚሆነውንም አይተናል። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። የሕክምና ፋኩልቲው ከተመሠረተ ጀምሮ የደከሙት ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። የባልደረቦቻቸው ጉባኤ ተሰይሞ ጉዳያቸውን መርምሮ፣ ቃላቸውን ሰምቶ የደረሰበት ውሳኔ አልነበረም። ያ ቁስል እስኪሽር ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ ሽሯል የማይሉም አሉ።

ዛሬ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነን። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ደስ ይላል። ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ተቋሙ ከሚኒስቴር እጅ ወጥቶ በጥቂት ሹማምንት እጅ ቢወድቅ መምህሩ ምን አተረፈ? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሴኔት ውስጥ የሚበዛው በሹመቱ ምክንያት የሚቀመጠው ነው፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ ዲኑ፣ ዳይሬክተሩ። ባልደረቦቹ መርጠው የላኩት መምህር ቁጥሩ ያንሳል። ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን የሚመለከት ሰነድ፣ በአካዳሚክ አካላት ውስጥ አብላጫዎቹን ተወካዮች መምህራን ራሳቸው የመምረጥ መብት ሊኖራቸው ይገባል ይላል። ክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ በእንግድነት ተጠርቼ የቤት ጉዳይ በማንሳቴ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ ይህን ግን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይለቀኝም።

አሁን ወደ ተሸላሚዎቹ። ከእነሱ አንዷ፣ ስማቸውን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትሰሙታላችሁ፣ አዲስ የትምህርት ፕሮግራም ለመክፈት በተጠራ ስብሰባ ላይ ቤተ ሙከራ ሳይሟላ መከፈት የለበትም ብለው ተከራክረዋል። ድምፅ ተሰጠና ተሸነፉ። «ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉ፤ ምክንያታቸው ከነዝርዝሩ ሰፍሯል። እኛ ዳኞች ዘንድ የሐሳብ ልዩነት እንለዋለን፤ በይግባኝ ጊዜ የበላይ ፍርድ ቤት ገልጦ የሚያየው እሱን ነው። የሚቀጥሉትን ገጾች ስገልጥ የቤተ ሙከራ ዕቃ አፈላላጊ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ እኚሁ ሴት ናቸው። አኩርፈው ቢሮአቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸው የወደቀበት ፕሮግራም ተማሪዎች ያለ ዕቃ እንዳይቀሩ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠኑ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ምንድን ነው? በደረጃ ዕድገት መመዘኛው ላይ በተቋሙ ጉዳዮች መሳተፍ ነጥብ እንዳለው ነግረውኛል። ይሁንና ተባባሪ ፕሮፌሰሩን ፕሮፌሰር የሚያደርገው የታተመ ጽሑፍ ነው። ከሰዓት በኋላውን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የሰጠ መምህር ጽሑፉን የሚጽፈው ሌሊት ነው፤ ጽሑፉ ሲዘገይ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ካባና የምስክር ወረቀት መልካም ሆኖ፣ ለሚቀጥሉት ተመራጮች የማስተማር ጫናቸው ቢቀነስላቸው ካባው የበለጠ ይሞቃል።

ከተመራቂዎች መካከል በረዳት ምሩቅነት እዚሁ የምትቀሩ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን እንዳትነካኩ አደራ። አጀንዳውን አንብባችሁ ግቡ፤ ካልተስማማችሁ ተናገሩ፤ ከተሸነፋችሁም አስመዝግቡና በነጋታው ሥራችሁ ላይ ተገኙ። ሲመርጧችሁ ጊዜ የለኝም አትበሉ።

የተከበራችሁ ተሸላሚዎች፣ እባካችሁ ካላችሁበት ተነሡልን። ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ውጤት መርምረው ያጸደቁት እነዚህ ናቸው፤ ጭብጨባችሁ አይነፈጋቸው።